ፋብሪካ የወሰደች አንዲት ፊርማ፦ ትሩማን፣ የብረት ሠራተኞቹ እና የ1952ቱ ክርክር

ጃንዋሪ 2025፣ ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ሰኞ ማታ፣ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። እሱም ሚስቱም በተማሪ ቪዛ ነው ያሉት፣ እሷ ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ጋሼ፣ ፈረመው እኮ!" አለኝ። የሚለው ስለ ዜግነቱ ትዕዛዝ ነው። እናትየው በጊዜያዊ ቪዛ ካለች፣ አባትየውም ዜጋ ካልሆነ ወይም ግሪን ካርድ ከሌለው፣ እዚያ የሚወለደው ልጅ ዜግነት አያገኝም የሚለው። "አሁን ይሄ ሕግ ሆነ ማለት ነው?"

በሦስተኛው ቀን ሲያትል ያለ አንድ የፌዴራል ዳኛ አገደው። ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ችሎት ዞሯል፣ እዚህ አልገባበትም። እኔን የያዘኝ ጥያቄው ነው። እኛ አገር ያደገ ሰው "ፈረመ" ሲባል "አለቀ" ብሎ ነው የሚሰማው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ይህን የፕሬዚዳንት ትሩማንን የብረት ፋብሪካ ጉዳይ እስካነብ ድረስ። ያን ማታ በስልክ ቆራርጬ የነገርኩትን እነሆ አሁን ሙሉውን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቷ። ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ማለት ፕሬዚዳንቱ ከሥሩ ላሉት መሥሪያ ቤቶች "እንዲህ አድርጉ" ብሎ የሚፈርመው ጽሑፍ ነው። ቁጥር ይሰጠዋል፣ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። ቃሉን ግን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ብትፈልጉት የለም። ያለው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የፕሬዚዳንቱ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን ይከታተላል የሚል ሌላ፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው የሚል ሌላ፣ ከዚያ ጥቂት ዝርዝር ነው። በእኛ አገር ቋንቋ ልንገራችሁ፦ አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ደንቡም የሚቆመው የተወካዮች ምክር ቤቱ በሰጠው ሥልጣን ላይ ነው። ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ለአዋጅ ሳይሆን ለደንብ ይቀርባል። ጣጣው የሚመጣው ደንቡ አዋጅ ልሁን ያለ ቀን ነው።

በ1952 የሆነው ይኸው ነው።

ብረቱና ጦርነቱ

ኮሪያ ላይ ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያ ጦርነት ውስጥ የእኛም ሰዎች ነበሩ። ቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ይዋጋ ነበር። በ1952 ጸደይ ደግሞ ሁለተኛው ቃኘው አንደኛውን ሊተካ ደርሷል። የሚተኩሱት ጥይት፣ የሚጠለሉበት መድፍ፣ የሚጓዙበት መኪና ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ከሚቀልጥ ብረት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ትሩማን "ብረት ከቆመ ወታደሮቻችን ይጎዳሉ" ሲል ከመሬት ተነስቶ አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምለው፣ ታሪኩ አንድ አምባገነን ንብረት ሊዘርፍ ሲል ተያዘ የሚል ተረት እንዳይመስላችሁ ነው።

ጠቡ የደመወዝ ነው። ፊሊፕ መሬይ የሚባል ሰው የሚመራው የብረት ሠራተኞች ማኅበር ከፋብሪካዎቹ ጋር ያለው ውል በ1951 የመጨረሻ ቀን አለቀ። ማኅበሩ አድማ ሊመታ ነበር፣ ትሩማን "ቆዩ እባካችሁ፣ ቦርድ ይየው" ብሎ ለመናቸው፣ እነሱም ቆዩለት። የደመወዝ ማረጋጊያ ቦርድ የሚባለው አካል ወራት ፈጅቶ በማርች ውሳኔውን አመጣ፦ ጥቅማ ጥቅሙ ተደምሮ በሰዓት ወደ 26 ሳንቲም ጭማሪ ይሰጣቸው። ማኅበሩ እሺ አለ። ፋብሪካዎቹ ግን "እንከፍላለን፣ በቶን 12 ዶላር ዋጋ እንድንጨምር ከፈቀዳችሁ" አሉ። ያኔ ዋጋ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለነበር ያለ ፈቃድ አንድ ሳንቲም መጨመር አይችሉም። መንግሥት ይህማ የዋጋ ቁጥጥሩን ገደል መክተት ነው ብሎ እምቢ አለ። ተፋጠጡ። ማኅበሩ ኤፕሪል 9 ቀን፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ አድማ እንደሚጀምር አስታወቀ።

ትሩማን እጅ ላይ አንድ ሕጋዊ መሣሪያ ነበር። ታፍት ሃርትሊ የሚባለው የ1947 ሕግ። በዚያ ሕግ ፕሬዚዳንቱ አጣሪ ቦርድ አቋቁሞ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ አድማን ለ80 ቀን ማሳገድ ይችላል። ግን ትሩማን ይህን ሕግ አይወደውም፣ እንዲያውም ኮንግረስ ሲያጸድቀው ውድቅ አድርጎበት ነበር፣ ኮንግረስ ነው ድምፁን ሽሮ ያጸደቀው። በዚያ ላይ ማኅበሩ ለሱ ሲል ከ90 ቀን በላይ ታግሷል። "አሁን ደግሞ በፍርድ ቤት ሌላ 80 ቀን ላስራችሁ?" ማለት ከበደው። ይህ ስሜት ይገባኛል። ደግሞም ሠራተኞቹ የሱ ፓርቲ ሰዎች ናቸው፣ ዓመቱም የምርጫ ዓመት ነው፣ ምንም እንኳ እሱ ራሱ በማርች መጨረሻ "አልወዳደርም" ብሎ ቢናገርም።

እና ሌላ መንገድ መረጠ።

ያቺ ማታ

ማክሰኞ ኤፕሪል 8 ቀን 1952፣ ከምሽቱ 4፡30 ላይ ትሩማን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀረበ። የፋብሪካ ባለቤቶቹን ስግብግብ አድርጎ ካቀረበ በኋላ ትዕዛዝ ቁጥር 10340 መፈረሙን ተናገረ። የንግድ ሚኒስትሩ ቻርልስ ሶየር የአገሪቱን አብዛኞቹን ብረት ፋብሪካዎች ይረከብ።

"ይረከብ" የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የተጠቀምኩት። ደርግ በእኛ አቆጣጠር በ1967 ፋብሪካ ሲወርስ የነበረውን የምታስታውሱ ወይም የሰማችሁ፣ ያንን አታስቡ። ማንም ከቢሮው አልተባረረም። የየኩባንያው ፕሬዚዳንት ትናንት የተቀመጠበት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ "ከዛሬ ጀምሮ ፋብሪካውን የምትመራው ለአሜሪካ መንግሥት ነው" የሚል ቴሌግራም ደረሰው፣ በቃ። ምድጃው አልጠፋም፣ ሠራተኛው በሰዓቱ ገባ፣ አድማው ቀረ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትከፍቱ ምንም የተለወጠ ነገር አታዩም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው "ታዲያ ምን ችግር አለው?" ያለው።

ጠበቆቹ ግን ችግሩ ወዲያው ታያቸው። ንግግሩ አልቆ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሁለት ኩባንያ ጠበቆች አንድ ዳኛ ቤት በር ላይ ነበሩ። ዳኛው ሌላውን ወገን ሳልሰማ አልወስንም ብሎ ለነገ ቀጠራቸው። በማግሥቱ ጉዳዩን ያየው ሌላ ዳኛ ጊዜያዊ እግዱን ከለከለ። የመጀመሪያው ዙር የትሩማን ሆነ።

ትሩማን ያኔ አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል፣ ብዙ ጊዜ አይነሳለትም። በማግሥቱ ለኮንግረስ ደብዳቤ ጻፈ፦ ያደረግኩት ይህ ነው፣ ሌላ መንገድ አለ የምትሉ ከሆነ ሕግ አውጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ደገመው። ኮንግረስ ምን አደረገ? ጮኸ። እንደራሴዎቹ እየተነሱ ተሳደቡ፣ ክሰሱት ያለም ነበር። ሕግ ግን አላወጣም፣ አልፈቀደም፣ አልከለከለም። ፊት ለፊት ድምፅ ከመስጠት ዝምታው ቀለለው። ይህ ዝምታ ኋላ ላይ ትልቅ ክርክር ሆነ።

በዚሁ መሀል ትሩማን በአንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ጥያቄ ቀረበለት። ብረት ፋብሪካ መውሰድ ከቻልክ፣ ጋዜጣና ሬዲዮ ጣቢያስ መውሰድ ትችላለህ? እሱም ተመሳሳይ ሁኔታ ከመጣ ፕሬዚዳንቱ ለአገር የሚበጀውን ማድረግ አለበት የሚል መልስ ሰጠ። አስቡት፣ ጥያቄውን የሚጠይቁት ጋዜጠኞች ናቸው! በነጋታው ስለ ብረት የማይገደው ሰው ሁሉ ስለ ብረት ማውራት ጀመረ።

"እንደዚያ ነው የምናነበው"

ከጉዳዩ ሁሉ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ኤፕሪል 24 እና 25፣ ዋሽንግተን፣ የዳኛ ዴቪድ ፓይን ችሎት።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች የመጡት ፈራ ተባ እያሉ ነው። አንዱ ጠበቃ ዋናውን ጥያቄ ትቶ፣ ቢያንስ መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨምርብን አግድልን ዓይነት ነገር ይለምናል። ዳኛ ፓይን ነው ወደ ሕገ መንግሥቱ የጎተታቸው። ርክክቡ ራሱ ሕገ ወጥ ነው የምትሉ ከሆነ ለምን እሱን አትጠይቁም?

ከዚያ ተራው የመንግሥት ሆነ። የቀረበው ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆምስ ባልድሪጅ ነው። ፓይን ሥልጣኑን ከየት እንዳመጡት ጠየቀው። ከየትኛው ሕግ? ባልድሪጅ ከየትኛውም ሕግ አይደለም አለ። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 2፣ ከፕሬዚዳንትነቱ ከራሱ ነው። ዳኛው ቀጠለ። ታዲያ በአስቸኳይ ጊዜ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ገደብ የለውም ማለት ነው? ባልድሪጅ ነገሩን እስከ መጨረሻው ከወሰድነው እንደዚያ ሊባል ይችላል አለ፣ ሆኖም ሁለት ገደቦች አሉት፦ አንዱ የምርጫ ኮሮጆ፣ ሌላው ኮንግረስ ከሥልጣን የሚያወርድበት ክስ።

ፓይን አሁንም አልለቀቀውም። ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን ሲያጸድቅ የኮንግረስን ሥልጣን ገደበ፣ የፍርድ ቤትን ሥልጣን ገደበ፣ የፕሬዚዳንቱን ግን ሳይገድብ ተወው ነው የምትለው?

"አንቀጽ 2ን የምናነበው እንደዚያ ነው።"

ዳኛው ይህን ሥልጣን ባለው ፍርድ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም አለ።

ጠበቃ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ሆዱ ይንቦጫቦጫል። ጥያቄው ወጥመድ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፣ ሰውየው ግን ሁለት እግሩን ከተተ። ለመንግሥት ቀላሉ መከራከሪያ "ነገሩ ጠባብ ነው፣ ለዚህች ፋብሪካ፣ ለዚህች ሳምንት ነው" ማለት ነበር። እሱ ግን ዙፋን ጠየቀ። ጋዜጦቹ በማግሥቱ ተቀባበሉት። ዋይት ሀውስ ደነገጠ፣ ትሩማን ራሱ ሥልጣኔ በሕገ መንግሥቱ የተገደበ ነው የሚል ደብዳቤ ለሕዝብ አወጣ፣ ባልድሪጅም ማስተካከያ አስገባ። የፈሰሰ ውኃ ግን አይታፈስም።

ኤፕሪል 29 ፓይን ወሰነ። ርክክቡ ሕገ ወጥ ነው። አድማው የሚያመጣው ጉዳት ከባድ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ፣ ገደብ የለሽ የአስፈጻሚ ሥልጣን መሠረት አለው ብሎ መቀበል የሚያመጣው ጉዳት ግን ይበልጣል አለ። ውሳኔው እንደተሰማ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ወጡ። በነጋታው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ውሳኔውን አገደ፣ ፋብሪካዎቹም መንግሥት እጅ ቆዩ፣ ሠራተኞቹም በትሩማን ልመና ተመለሱ። ትሩማን ሁለቱን ወገኖች ዋይት ሀውስ ጠርቶ ሊያስማማቸው ሲል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት መቀበሉና እስከዚያ ደመወዝ እንዳይነካ ማዘዙ ተሰማ። ድርድሩ እዚያው ፈረሰ። ባለፋብሪካዎቹ ፍርድ ቤት እያለላቸው ለምን ይደራደሩ?

ዘጠኙ

ሜይ 12 ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ለኩባንያዎቹ የቆመው ጆን ዴቪስ ነው፣ ዕድሜው 79። በ1924 የዲሞክራቶች ዕጩ ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ሰው፣ አሁን የዲሞክራት ፕሬዚዳንትን ሊከራከር መጣ። የዘጋው በጄፈርሰን ቃል ነው፦ ሥልጣንን በተመለከተ በሰው ላይ መተማመን ይቅር፣ ክፉ እንዳይሠራ በሕገ መንግሥት ሰንሰለት እሰሩት የሚለውን። ለመንግሥት የቆመው ፊሊፕ ፐርልማን ግን ዳኞቹ አላናገር አሉት። "ይህ እኮ የጦርነት ጊዜ ነው" ሲል፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ጦርነት አይደለም ብሏል የሚል መልስ መጣበት። እውነትም ነው፣ ኮሪያ ሲገቡ ኮንግረስ ጦርነት አላወጀም፣ ትሩማንም "የፖሊስ ሥራ" የሚለውን አጠራር ተቀብሎ ነበር። ቃል እንዲህ ዞሮ ይመጣል።

በወረቀት ላይ ትሩማን መሸነፍ አልነበረበትም። ከዘጠኙ ዳኞች አራቱን የሾመው እሱ፣ አምስቱን የሾመው ከሱ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ነው። ሁሉም ጠንካራ ፕሬዚዳንት የሚወዱ ሰዎች። ጁን 2 ቀን ፍርዱ ተነበበ። 6 ለ3። ከሾማቸው አራቱ ሁለቱ፣ በርተንና የቀድሞ ዐቃቤ ሕጉ ቶም ክላርክ፣ በሱ ላይ ፈረዱበት።

የፍርድ ቤቱን ሐሳብ የጻፈው ሁጎ ብላክ ነው፣ አጭርና ቁርጥ ያለ። የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ወይ ኮንግረስ ካወጣው ሕግ ወይ ከሕገ መንግሥቱ መመንጨት አለበት። ከሕግ? አልመነጨም፣ እንዲያውም ኮንግረስ በ1947 ታፍት ሃርትሊን ሲያወጣ የፋብሪካ ርክክብ ይግባበት የሚል ሐሳብ ቀርቦለት ውድቅ አድርጎታል። ከጠቅላይ አዛዥነቱ? የጦር አዛዥነት የግል ንብረት ወስዶ የሠራተኛ ጠብ ማብረድን አይጨምርም፣ ያ የሕግ አውጪ ሥራ ነው። ከአስፈጻሚነቱ? ሕግ መፈጸሙን ይከታተል የሚለው ቃል ራሱ ሕግ አውጪ አይደለህም ማለት ነው። አለቀ።

ንጹሕ ነው። ለኔ ግን ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ፕሬዚዳንቶች በተግባር በብላክ መስመር ኖረው አያውቁም፣ ሌሎቹ አምስት ዳኞችም በውጤቱ ተስማምተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጻፉ። ዳግላስ ለምሳሌ ገንዘቡን አየ፦ ንብረት ከወሰድክ ካሳ መክፈል አለብህ፣ ካሳ የሚመድበው ኮንግረስ ነው፣ ስለዚህ መውሰዱንም መፍቀድ ያለበት እሱ ነው። ተቃዋሚዎቹን ወክሎ ዋና ዳኛው ቪንሰን ደግሞ ከዋሽንግተን እስከ ሩዝቬልት ያሉ ፕሬዚዳንቶች ሕግ ሳይጠብቁ ያደረጉትን ደረደረ። ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ትሩማን ፋብሪካዎቹን የያዘው ሕጎቹን ለማስፈጸም ነው፣ ለኮንግረስም ወዲያው አሳውቆ ውሳኔህን አከብራለሁ ብሏል፣ ይህ የአምባገነን ጠባይ አይደለም አለ።

የቀረው ግን የሮበርት ጃክሰን ጽሑፍ ነው። ጃክሰን ማን ነው? በ1941 ሩዝቬልት ካሊፎርኒያ ውስጥ የአውሮፕላን ፋብሪካ በወታደር ሲያስይዝ፣ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ "ትክክል ነው" ብሎ የተከራከረው ሰው። የመንግሥት ጠበቆች የገዛ ቃሉን አመጡበት። እሱም ያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፣ ደግሞም ጠበቃ ሆኜ ለወገኔ ያልኩት ዛሬ ዳኛ ሆኜ አያስረኝም አለ። በ1945 ደግሞ ኑረምበርግ ሄዶ የናዚ ባለሥልጣናትን የከሰሰ ሰው ነው። ጀርመን ምን እንደሆነች ከሰነዱ ያውቃል። ፍርዱ ውስጥም አስገባው፦ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ መብቶችን እንዲያግድ ይፈቅድ ነበር፣ በ13 ዓመት ውስጥ ከ250 ጊዜ በላይ ተጠቀሙበት፣ በመጨረሻ ሂትለር ፕሬዚዳንቱን ሂንደንበርግን አሳምኖ ሁሉንም አሳገደ፣ መብቶቹም አልተመለሱም። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን አስቸኳይ ጊዜን ይወልዳል የሚል ጥርጣሬም ለአሜሪካ መሥራቾች ሰጥቷቸዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲራዘም ሲታደስ ያየ አገር ሰው ይህን መስመር ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ሌላም አለ። መሥራቾቹ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ምን እንዳሰቡ ለማወቅ የቀረልን ጽሑፍ ዮሴፍ ለፈርዖን እንዲፈታ እንደተጠየቀው ሕልም ምሥጢር ነው ይላል ጃክሰን። ሰባት የከሱ ላሞች፣ ሰባት የወፈሩ ላሞች፣ ሁሉም ወገን የፈለገውን ይፈታበታል።

ስለዚህ ሕልም መፍታቱን ትቶ ሦስት ቦታ ለየ። አንደኛ፣ ኮንግረስ "አድርግ" ብሎት የሚያደርገው። እዚህ ሥልጣኑ ሙሉ ነው፣ የራሱም የኮንግረስም አንድ ላይ ነው የሚቆጠርለት። ሁለተኛ፣ ኮንግረስ ፈቀደም ከለከለም ያላለበት፣ ድንግዝግዝ ያለ ቦታ። እዚህ ነገሩ እንደ ሁኔታው ነው። ሦስተኛ፣ ኮንግረስ "አይሆንም" እያለ ወይም ሌላ መንገድ አስቀምጦለት እያለ የሚያደርገው። እዚህ የቀረው የሕገ መንግሥት ሥልጣኑ ከኮንግረሱ ተቀንሶ የሚተርፈው ብቻ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። ብረቱ ሦስተኛው ላይ ወደቀ፣ ምክንያቱም ኮንግረስ ለአድማ መንገዱን በሕግ አስቀምጧል፣ ትሩማን ጠልቶ ተወው እንጂ።

ሦስቱን ቦታ ወደ ቤታችን ስናመጣው

ለአክስቴ ልጅ ነገሩ የገባው እዚህ ላይ ነው፣ ምሳሌውን ከእኛው ሳመጣለት።

በሴፕቴምበር 2021 ባይደን በትግራይ ጦርነት ምክንያት ቁጥር 14046 ፈረመ፣ ኢትዮጵያን የሚመለከት የማዕቀብ ትዕዛዝ። ያኔ ዲያስፖራው ግማሹ ደግፎ ግማሹ ተቃውሞ ዋይት ሀውስ ፊት ወጣ። የትዕዛዙን የመጀመሪያ አንቀጽ ብታነቡ ግን በ1977 ኮንግረስ ያወጣውን የኢኮኖሚ አስቸኳይ ጊዜ ሕግ በስሙ ይጠራል። አንደኛው ቦታ ነው። በጃንዋሪ 2022 ከአጎዋ ስንወጣም እንደዚያው፦ አጎዋ ራሱ የኮንግረስ ሕግ ነው፣ አገር አስገባ አስወጣ የሚለውን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠውም ሕጉ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እያሰበ ውሳኔው ያንገበገበው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አለሁበት። ፍርድ ቤት ወስዶ "ሥልጣን የለህም" ለማለት ግን መንገዱ ጠባብ ነበር።

በ2025 የውጭ እርዳታው በትዕዛዝ ሲቆምስ? ገንዘቡን ለዚህ ይዋል ብሎ የመደበው ኮንግረስ ነው። ከሳሾቹ የሮጡት ወደ ሦስተኛው ቦታ መሆኑ አይገርምም።

የዜግነቱ ትዕዛዝ ደግሞ ከሕግ አልፎ፣ እዚያ ስለተወለደ ሰው ዜግነት ከሚናገረው ከሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ቃል ጋር ነው የሚጋጨው። "ስለዚህ ፊርማው ብቻውን አይበቃውም" አልኩት። ትንሽ ተነፈሰ።

ይህን ሁሉ ስል ግን የጃክሰን ሚዛን ሁሉን ያድናል ማለቴ አይደለም። በ1942 ሩዝቬልት በቁጥር 9066 ከመቶ ሺህ በላይ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አስወጥቶ ካምፕ ሲያስገባ፣ ኮንግረስ ወዲያው የሚያግዝ ሕግ አወጣለት። አንደኛው ቦታ፣ ሙሉ ሥልጣን። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1944 አሳለፈው፣ ያ ፍርድ ስህተት እንደነበር ፍርድ ቤቱ በግልጽ የተናገረው በ2018 ነው። ጃክሰን ራሱ ያኔ ተቃዋሚ ነበር። ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ ተስማምተው ሲበድሉህ የሥልጣን ክፍፍል ብዙም አያስጥልህም።

ትሩማንም ቢሆን ሁልጊዜ በፊርማው አልተሸነፈም። በ1948 በቁጥር 9981 በጦር ኃይሉ ውስጥ የዘር መድልዎ ይቅር ብሎ አዘዘ። የደቡብ እንደራሴዎች ተናደዱ፣ ትዕዛዙ ግን ቆመ፣ ጦሩ የሱ ነዋ። ያው ሰው፣ ያው እስክሪብቶ። ወታደሩን ማዘዝ ይችላል፣ ያንግስታውን ኦሃዮ ያለውን የብረት ምድጃ አይችልም። ጃክሰን እንዳለው የጦሩና የባሕር ኃይሉ አዛዥ እንጂ የአገሪቱ፣ የኢንዱስትሪዋና የነዋሪዎቿ አዛዥ አይደለም።

ከፍርዱ በኋላ

ትሩማን ተናደደ፣ ግን አልተከራከረም። ፍርዱ በተነበበበት ቀን ለሶየር ፋብሪካዎቹን መልስ ብሎ ጻፈ። ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ነው። ዘጠኝ ሽማግሌዎች ወታደር የላቸውም፣ ፖሊስም የላቸውም፣ እሱ ደግሞ ኮሪያ ላይ ጦር ያሰለፈ ሰው ነው።

ሠራተኞቹ ያንኑ ቀን ወጡ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ 53 ቀን። ታፍት ሃርትሊ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ትሩማን አሁንም አልነካውም፣ ግትር ሰው። ጁላይ 24 ተስማሙ፦ ለሠራተኛው በሰዓት ወደ 16 ሳንቲም ደመወዝ፣ ለባለቤቶቹ በቶን 5 ዶላር ከ20 ሳንቲም የዋጋ ጭማሪ። ኤፕሪል ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎባቸው ቢሆን እዚሁ አካባቢ ይደርሱ ነበር፣ የኔ ግምት ነው። ጉዳዩ ስሙን ያገኘበት የያንግስታውን ኩባንያ በሴፕቴምበር 1977 አንድ ሰኞ ቀን ትልቁን ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ፣ ሺዎች ሥራ አጡ፣ ከተማዋ እስከ ዛሬ "ጥቁሩ ሰኞ" ትለዋለች። ለዚያ ደግሞ የትኛውም ፕሬዚዳንት አልፈረመም።

አንዲት ነገር ቀረች። ከፍርዱ በኋላ ሁጎ ብላክ፣ ፍርዱን የጻፈው ሰውዬ፣ ትሩማንንና ዳኞቹን ቤቱ ጋበዘ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። ግብዣው ላይ የነበረው ዳግላስ እንዳወራው፣ ትሩማን መጀመሪያ ኮስተር ብሎ ቆየ፣ ውስኪው ሲዞር ግን "ሁጎ፣ ሕግህን ብዙም አልወደድኩትም፣ ይሄ ውስኪህ ግን ግሩም ነው" አለው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው በዚያ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ፋብሪካውን መልሶ ውስኪውን ጠጣ በለኛ!" አለኝ፣ ከዚያ ሚስቱ ከወዲያ ስትጠራው ስልኩን ዘጋው።